የትዝብቱ ጉበት

ሌላው ሰው ቂሙን በሆዱ ይይዛል፤ ይሄነው ግን ቂሙን ፍርፋሪ እየሰጠ በደጁ አሳደገው። አራት እግር ነበረው፣ ጅራት ነበረው፣ ስሙም ትዝብቱ ይባል ነበር።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የፋሲካ ቅርጫ ነው። መካነ ሰላም ዳር፣ ከገበያው ቁልቁል ባለው ሰፈር፣ ጎረቤታሞቹ በሬ አርደው መደቡን በባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ደረደሩ። አካፋዩ እንዳልካቸው ነበር። ቢላዋ ከያዘ ዓይኑ ሚዛን ነው ይባልለታል። ከሽንጡም ከጨጓራውም ለየመደቡ እያደላደለ፣ በመጨረሻ ጉበቱን ቆራርጦ ከላይ ከላይ ጣል ያደርጋል። ከዚያ ሁሉም ከኪሱ ያገኘውን፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ሳንቲም ለዕጣ ይሰጣል። ይሄነው ከኮቱ ላይ አዝራር በጥሶ ሰጠ። አዝራሩ ያረፈበትን መደብ በእንቅብ ተሸክሞ ቤቱ ገባና ዘረገፈው። ጉበት የለም። ጨጓራውን ገለበጠ፤ የለም። እንቅቡን ደፍቶ ቂጡን መታ መታ አደረገው፤ የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን «ረስተው ነው» ብሎ ብቅ ብሎ ይጠይቅ ነበር። ይሄነው ግን ሰው የሚረሳው ሌላውን ነው፣ እኔን የሚዘለኝ አስቦበት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለ መምህሩ በሌላ ልጅ ጥፋት ከክፍል አስወጥቶት በዚያው የቀረ፤ የእህል መጋዘን ጥበቃ ሆኖ «ጊዜያዊ» እየተባለ ጎፈሬው የሸበተ፤ የእድር ዳኛ ሲመረጥ «ይሄነውማ ቁጡ ነው» ተብሎ የታለፈ። ያ ሁሉ ተሰብስቦ መጣና ጉበቱ በጎደለበት ቦታ ቁጭ አለ። ማምሻውን እንዳልካቸው እጁን ጋቢው ውስጥ እንዳደረገ ወደ ቁልቋል አጥሩ ሲመጣ አየው፤ አፉን ሳያስከፍተው ከደጃፉ ሆኖ የአፉን ሁሉ አወረደበት።

«ሌባ! አድሎኛ! ጉበት በላ!»

እንዳልካቸው ቆሞ ሰማ፣ ዞሮ ሄደ።

«አንተ ሰውዬ» አለችው ሚስቱ በለጥሻቸው፣ «ዕጣ እኮ ነው የጣለብህ። ያ መደብ ላንተ እንደሚወጣ እንዳልካቸው በምን ያውቃል?»

ይሄነው ትንሽ አሰበ። «ዕጣውም ከሱ ጋር ነው» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅርጫ መግባት ተወ። በዕድሜ አባቱ ሊሆን ጥቂት የቀረውን ጎረቤቱንም «አንቱ» ማለት ነሳው፤ እንግዲህ እኛም ለጊዜው «አንተ» እንበለው፣ አለዚያ ይሄነው ይቀየመናል። በሳምንቱም አንድ ቡችላ አመጣ። በዚያ አገር የውሻ ስም ለውሻው እንዳልሆነ ማንም ያውቃል፤ ለጎረቤት ነው። ድንበር የተገፋ ሰው ውሻውን «ይግፉኝ» ይለዋል፣ በሐሜት የነደደች ሴት «ምን ቀራቸው» ትለዋለች። ይሄነውም «ትዝብቱ» አለው። ጧትና ማታ ፊቱን ወደ ቁልቋሉ አዙሮ ይጣራል።

«ትዝብቱ! ና ትዝብቱ! ትዝብቱ የትም አይሄድም፣ እዚሁ ነው!»

ውሻው እግሩ ሥር ተኝቶ እያለም ይጣራል። እንዳልካቸው አንድ ቀን እንኳ መልስ አልሰጠም። አለመመለሱም እንደ ሌላ ስድብ ተቆጠረበት።

እንዲህ እየተባለ ዓመታት ነጎዱ። ቡችላው ውሻ ሆነ፣ ውሻው አረጀ፣ አፍንጫው ዙሪያ ሸበተ፣ ሲነሳ ወገቡን እንደ ሰው «እህህ» የሚል ሆነ። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ መብላት ተወ። በለጥሻቸው ትርፍራፊውን ስታቀርብለት አሽትቶ ይመለሳል። አንድ ቀን ይሄነው የጎኑን ቅማል እያየለት፣ ከቀኝ ጎድኑ ሥር እጁ አንድ ጠጣር ነገር ነካ። ሎሚ ያክላል። እንደገና ነካው። አለ።

ይሄነው ክው አለ። ዘመድ ሲሞት ለቅሶ ቤት ዓይኑ አልረጥብ ብሎ በጋቢ ተሸፍኖ የሚያሳልፍ ሰው፣ ለውሻ ዓይኑን በኮቱ እጅጌ ጠረገ።

«ጉበቱ ነው» አለ። «የጉበትን ቦታ መቼም እኔ አላጣውም።»

«ልጅቱ ጋ ውሰደው» አለች በለጥሻቸው።

ልጅቱ እፀገነት ናት፤ የእንስሳት ሐኪም ሆና ተመድባ ከተማው ክሊኒክ የምትሠራ። ሆድ ውስጥ የሚያይ መሣሪያ ያላትም እሷ ብቻ ናት። ክፋቱ፣ የእንዳልካቸው ልጅ ናት።

«እሞታታለሁ እንጂ አልሄድም!»

«የሚሞተው አንተ ነህ እንዴ? ውሻው ነው።»

 በማግስቱ ተጎትቶ ሄደ። የተጎተተው ውሻው አልነበረም።

ውሻ በገመድ ይዞ በመካነ ሰላም ጎዳና መሄድ ራሱ ቅጣት ነው። «ይሄነው ፈረንጅ ሆነ!» የሚለውን ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈ። የባሰው ክሊኒኩ ደጅ ጠበቀው። መሣሪያው አልትራሳውንድ ይባላል፤ የመጣውም ላሞች መያዝ አለመያዛቸው እንዲታይበት ስለሆነ ወረፋው ሁሉ ላምና ጊደር ነበር። ጊደሯን ይዛ ፊት ለፊት የቆመችው የዳቦ ነጋዴዋ ኡምኩልሱም ናት፤ አንድ ነገር በሷ አፍ ከገባ ሳይጋገር አይወጣም።

«አያ ይሄነው፣ ወላሂ ውሻዎ ወንድ ይመስለኝ ነበር!»

«ወንድ ነው።»

«ታዲያ የእርግዝና ማያው ጋ ምን አመጣው? ስንት ወሩ ነው?»

ወረፋው በሳቅ አለቀ። ይሄነው «ጉበቱን ነው» አለ፤ ማንም አልሰማው። በማግስቱ በገበያው የተወራው የይሄነው ወንድ ውሻ መንታ ማርገዙ ነበር።

እፀገነት ልጅ ሳለች በአጥሩ ቀዳዳ እያጮለቀች ታየው ነበር። አሁን ነጭ ጋዋን ለብሳለች። ጎንበስ ብላ «እንደምን አደሩ ጋሼ?» አለችው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲል ለግድግዳው መለሰ። የውሻውን ጎን በጣቶቿ ዳሰሰችና ፊቷ ኮስተር አለ።

«እውነትዎን ነው፣ የሆነ ነገር አለ። ነገ በጧት ያምጡት። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ግን ምንም እንዳይበላ፤ ውሃ ብቻ። ሆዱ ከሞላ ምግቡና አየሩ ይጋርደኛል፣ ጉበቱ አይታየኝም።»

ይሄነው ያን ማታ ውሻውን በገዛ እጁ አጥሩ ሥር አሰረው። ሳህኑን ቤት አስገባው። በለጥሻቸውን በማርያም አስማላት።

በማግስቱ እፀገነት የትዝብቱን ሆድ ላጨችው። እንደ ተልባ የሚያሟልጭ ነገር ቀባችውና ማያውን ቆዳው ላይ እያንሸራተተች የመሣሪያውን መስታወት ተመለከተች። ይሄነውም አንገቱን አሰገገ። መስታወቱ ላይ የክረምት ጉም የመሰለ ግራጫ ነገር ይተራመሳል፤ ከመሀሉ ነጭ መስመር፣ ከመስመሩ ሥር ድፍን ጨለማ።

«በልቷል» አለች።

«አልበላም።»

«ጨጓራው ሙሉ ነው ጋሼ። ይኸው፣ ይሄ ጥላ ሁሉ ከሱ ነው። ጉበቱን ሸፈነው።»

«አስሬ ነው ያሳደርኩት እኮ!»

«ምናልባት ሰው ሳያውቅ…»

«ውሸታም ነህ በይኛ!» የይሄነው ድምፅ ወረፋው ድረስ ተሰማ። «አባትሽ የኔን ጉበት አጠፋ፤ አንቺ ደግሞ የውሻዬን ጉበት አጣሁት ትያለሽ። ጉበት ማጥፋት በቤታችሁ የዘር ነው!»

ውሻውን እየሳበ ወጣ። ሆዱ የተላጨ፣ ተልባ የመሰለው ነገር የሚዝረከረክበት ውሻ ይዞ በገበያ መሀል ሲያልፍ፣ ኡምኩልሱም ከዳቦዋ ኋላ ሆና «በሰላም ተገላገለ?» አለችው።

ያን ቀን በለጥሻቸው አላናገረችውም። ውሻው ጥላ ሥር ተጋድሞ ያየዋል። ያንን ዓይን ሲያይ ይሄነው ንዴቱ እየበረደ ፍርሃቱ እየጋለ መጣ፤ ለካ ንዴት ጥሩ ጋቢ ኖሯል፣ ሲገፈፍ ነው ብርዱ የሚታወቀው። ማታ እንደገና አሰረው። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ፣ የሚያበላውን ሌባ ሊይዝ፣ ጭድ ክምሩ ኋላ ተቀመጠ። ሌባው እንዳልካቸው ቢሆን ደስ ይለው ነበር።

እንዳልካቸው ሆነ።

ከኪዳን እየተመለሰ ነው፣ ጋቢውን አጣፍቷል። አጥሩ ጋ ካለው ድንጋይ ላይ አረፍ አለና ከጋቢው እጥፋት ቁራሽ ዳቦ አወጣ። በቁልቋሉ ክፍተት አሳልፎ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው «ወዳጄ፣ ና» አለ።

ወዳጄ?

ያ አልበላ ያለ፣ ያ ወገቡን «እህህ» የሚል ውሻ፣ ገመዱን ወጥሮ ጅራቱን እየወዘወዘ ዳቦውን ከነእጁ ሊውጥ ደረሰ። ይሄነው ዱላውን ይዞ ከጭዱ ኋላ ተፈናጠረ።

«ያዝኩህ! መርዝ ነው! ውሻዬን ልትመርዝ!»

ከዚያ ፋሲካ ወዲህ ፊት ለፊት ለእንዳልካቸው የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። እንዳልካቸው አልደነገጠም። ከቀረው ዳቦ ቆርሶ አፉ ውስጥ ጨመረ፣ አላምጦ ዋጠ።

«ጨው አንሶታል» አለ።

«ውሻዬን ለምን ታበላለህ?»

«ስለሚርበው። ቡችላ ሳለ ጀምሮ ኪዳን ደርሼ ስመጣ እዚህ ይጠብቀኛል።» ከዚያ የተላጨውን ሆድ አየ። «ምን ሆነብህ? ማን ገፈፈው?»

ይሄነው ሊሰድብ የከፈተው አፍ ሌላ ነገር አወጣ። «ጉበቱ ላይ እብጠት አለ። ልጅህ ሆዱ ሙሉ ስለሆነ አልታየኝም አለች።»

የእንዳልካቸው እጅ ከነዳቦው አየር ላይ ቀረ። «እኔ ነኛ!» አለ ቀስ ብሎ። «ትናንትም አብልቼዋለሁ። ልጄም አልነገረችኝ።» ዳቦውን ወደ ጋቢው መለሰ። «ነገ አልሰጠውም። አብሬም እመጣለሁ።»

«ማን ጠራህ?»

እንዳልካቸው በአገጩ ወደ ውሻው አመለከተ። ውሻውም እንዳልካቸውን አላሳፈረውም፣ ጅራቱን ወዘወዘ።

በማግስቱ እፀገነት ውሻውን ጠረጴዛ ላይ አስወጥታ በጀርባው እንዲያስተኙት አዘዘች። ይሄነው ትከሻውን ይዞ «ትዝብቱ! ተኛ! ትዝብቱ!» ቢል ውሻው ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። ጭራሽ አንገራገረና ጥርሱን አሳየው። ስሙ ከመጀመሪያውም ለውሻው አልተሰጠምና ውሻውም አልተቀበለውም ኖሯል። እንዳልካቸው ጠጋ ብሎ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«አብሽር ወዳጄ። ተኛ።»

ተኛ። አራቱንም እግሩን ለቆ እንደ ጨቅላ ተንጋለለ። ይሄነው ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣና መስታወቱን አየ።

ዛሬ ጉሙ ገለል ብሏል። ደቃቅ ቅንጣት ያለው ግራጫ ሰፊ ነገር ታየ፤ መሀሉ ላይ ጥቁር፣ ድቡልቡል፣ እንቁላል የመሰለ። በጉበት የሚመራመር ሰው ዝም አይልም። ይሄነው ጣቱን ቀሰረ።

«ያውልሽ! እሱ ነው በሽታው!»

«እሱ ሐሞቱ ነው ጋሼ። ስላልበላ ሞልቶ ነው። ጤነኛ ነው።»

ከበሩ በኩል ጊደሯን ዛሬም ያመጣችው ኡምኩልሱም ሳቋን በሻሿ ስታፍን ተሰማ። ይሄነው ጣቱን ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ አስገባ።

እፀገነት ማያውን ወደ ጎን አዘነበለችው፣ ጫን አለች፣ ቆመች። «ይኸው ይሄ።» ከሌላው ጉበት ጠቆር ያለ፣ ዳሩ ክብ የሆነ፣ ሎሚ የሚያክል ነገር። ግራና ቀኝ ፈለገች፣ ሌላውን ሆዱንም ዞረችበት። «አንድ ብቻ ነው። ሆዱ ውስጥ የፈሰሰ ነገርም የለም። ይህ ጥሩ ነው።»

«ክፉው ነው?»

«ምስሉ እሱን አይነግረኝም። ያረጀ ውሻ ጉበቱ ላይ ምንም የማያደርግ ቋጠሮ ያበቅላል፤ ካንሰርም ያበቅላል። እዚህ መስታወት ላይ ሁለቱም እንዲህ ሊመስሉ ይችላሉ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ምን ተማርሽ?»

«እንዳልዋሽዎት ነዋ!» አለች፤ ቁጣዋ የአባቷ አልነበረም። «ለማወቅ በቀጭን መርፌ ትንሽ መውሰድ አለብኝ። መርፌውን በዚሁ እያየሁ ነው የማስገባው። ሊደማ ይችላል፣ አልደብቅዎትም፤ ብዙ ጊዜ ግን ይቆማል። አልፈልግም ካሉ ይዘውት ይግቡ፤ ክፉው ከሆነ ግን ሲያዳክመው ነው የምናውቀው።»

ይሄነው ውሻውን አየ። ሰፈር ውስጥ የታመመ ውሻ ምን እንደሚደረግ ያውቃል፤ ገመድ ነው ወይ የተመረዘ ሥጋ። በሌላ በኩል መርፌ ነው፤ መርፌውን የያዘችው ደግሞ የእንዳልካቸው ልጅ። ከቤቱ ጓዳ የነበረውን ንዴት ሁሉ ጠራው፤ ዛሬ ግን አልመጣለትም።

«እስክትወስኑ» አለች እፀገነት፣ «ምን ምን ይበላል? አንዳንዴ የሚበላውም ነገር አለው።»

«ምን ይበላል! የቤት ፍርፋሪ» አለ ይሄነው።

እንዳልካቸው ጉሮሮውን ጠረገ። «ለበዓል ለበዓል ጉበትም ይበላል።»

«የማንን ጉበት?»

«ያንተን።»

 እንዳልካቸው የውሻውን ጭንቅላት እያሻሸ፣ ወደ ይሄነው ሳያይ ተናገረ።

«ያን ፋሲካ ስደለድል አንዱን መደብ ዘለልኩት። ጉበቱን ቅጠል ሥር ተርፎ አገኘሁትና፣ ለማን እንደወጣ ጠይቄ፣ ማምሻውን በጋቢዬ ይዤልህ መጣሁ። አጥሩ ጋ ሳልደርስ ሌባ አልከኝ። ሌባ ከተባልኩ በኋላ ጉበት ይዤ ብታይ ምን ትል ነበር? ቤቴ መለስኩት፣ ቤቴም መብላቱ ነውር ሆነብኝ። በሳምንቱ ይሄን ቡችላ አመጣህ፣ ለሱ ጣልኩለት። ከዚያ ወዲህ ቅርጫ በገባን ቁጥር ያንተን ቁራጭ ከድርሻዬ አነሳለሁ። አንተ አትቀበለኝም። ቤትህ መግባቱ ግን አልቀረም፣ በሱ ሆድ ገባ።»

«ያ ረቢ!» አለች ኡምኩልሱም ከበሩ።

ይሄነው በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ያን ሁሉ ጧትና ማታ በአጥር ላይ ሲጮኽ፣ ያ ሁሉ «ትዝብቱ ና!»፤ ትዝብቱ ደግሞ ጉበቱን ከነነገሩ ውጦ፣ አፉን ልሶ እግሩ ሥር ይተኛ ነበር። ጉበት አልነሱትም። ጉበቱን ያልበላ እሱ ራሱ ነው። መሳቅ አማረው፣ ማልቀስ አማረው፤ ኡምኩልሱም እያየች ስለሆነ ሁለቱንም ተወው።

«ይወጋ» አለ። ድምፁ ሻከረ። «በደንብ ይያዙት፣ አያ እንዳልካቸው።»

«አንቱ»ው እንዴት እንዳመለጠው እሱም አላወቀም። ሁሉም ሰሙ፤ ኡምኩልሱም እንኳ ጊደሯን ረስታ አንገቷን በበሩ አስገባች።

አያ እንዳልካቸው ያዙት። እፀገነት ቆዳውን አጸዳች፣ መርፌውን ከማያው ጎን አስጠጋች። መስታወቱ ላይ አንድ ቀጭን ብሩህ መስመር ከላይ ወርዶ ያን ጠቆር ያለ ክብ ወጋው። ይሄነው የገዛ ጎኑን በእጁ ጨበጠ። ውሻው አንዴ «እኝ» አለ፣ የአያ እንዳልካቸውን እጅ ላሰ፣ አለቀ። የወጣውን ጠብታ ቁራጭ መስታወት ላይ ቀባችው፤ ራቅ ወዳለ ላብራቶሪ በመኪና ሊሄድ። ደሙ መቆሙን በማያው እያየች ጥቂት አቆየቻቸው። ቆመ።

መልሱ እስኪመጣ ይሄነው አንዴም አልተጣራም። ሰፈሩ ግራ ገባው፤ አንዳንዱ ውሻው ሞተ አለ፣ አንዳንዱ ይሄነው። ጧት ጧት አያ እንዳልካቸው ከኪዳን ሲመለሱ ድንጋዩ ላይ አረፍ ይላሉ፤ በዚህ ወገን ይሄነው ቆሞ ይጠብቃል። ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ስለ ጉበት አያወሩም።

አንድ ቀን ከሰዓት እፀገነት ራሷ አጥሩን ዞራ መጣች። ይሄነው ፊቷን ለማንበብ ሞከረ፣ አልቻለም፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመው።

«ክፉ ነገር አልተገኘበትም። የእርጅና ቋጠሮ ነው የሚመስለው። አንነካውም። ክረምቱ ሲወጣ ያምጡት፣ ማደግ አለማደጉን እንደገና አያለሁ።» ይሄነው አመስግኖ ሳይጨርስ ጣቷን አነሳች። «አንድ ነገር ግን፦ ወፍሯል። ቤት የማይበላው ውጭ ጠግቦ ስለሚመጣ ነው። ዳቦው ይቀነስ። ቅባትና ጉበትማ ጭራሽ!»

«ለአባትሽ ንገሪያቸው» አለ ይሄነው።

«ነገርኳቸው። አኮረፉ።»

ክረምቱ ወጣ። ቋጠሮው አላደገም። በመስቀል ይሄነው ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ቅርጫ ገባ። አያ እንዳልካቸው ጉበቱን ከሁሉ አስቀድመው ለየመደቡ ጣሉ፣ ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ፤ የሰፈሩ ሰው ቆሞ ሳቀ፣ ይሄነውም አብሮ ሳቀ፣ ትንሽ አፍሮም ስለነበር ሰፋ አድርጎ ሳቀ።

በለጥሻቸው ጉበቱን በበርበሬ ጠበስ አድርጋ አቀረበችለት። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መጀመሪያውን ጉርሻ አነሳ። ውሻው መጣና ከፊቱ ቁጭ አለ። እጁን አየ። አፉን አየ። የሐኪም ትእዛዝ ነው፣ አይሰጠውም። ይሄነው ጎረሰ፤ ውሻው እያየው አላመጠ፤ እያየው ዋጠ።

«ምነው ፊትህን አዞርክ?» አለች በለጥሻቸው።

«ታዘበኝ» አለ።

ውሻው እህህ ብሎ ተነሳ፣ ጅራቱን አንዴ ብቻ አወዛወዘና በቁልቋሉ ክፍተት ሾልኮ ወደ ወዳጁ ቤት ሄደ። ይሄነው የቀረውን ጉበት በጣቱ ገፋ ገፋ አደረገው። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ያህል የሚያጣላ ጉበት አልነበረም።